ከዝሾፓው እስከ ኮዬ ፈጬ

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና አምስት ዓመት ያህል ሆኗታል። ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው የኮዬ ፈጬ ጥቁር መሬት በበሬ እየታረሰ እህል ያበቅላል። በዚያው ጊዜ፣ በ1891፣ በእንግሊዟ ባዝ ከተማ ጆሴፍ ዴይ የተባለ መሐንዲስ አንድ ትንሽ ሞተር ለመሥራት ይታገል ነበር። (የውጭው ዓለም ዘመን እዚህ በአውሮፓ አቆጣጠር ተቀምጧል፤ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈው «ዓ.ም» ተጨምሮበታል።)

ሐሳቡ ከዴይ በፊትም ነበር። ስኮትላንዳዊው ዱጋልድ ክለርክ ከአሥር ዓመት በፊት በሁለት ምት የሚሠራ ሞተር የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል። የክለርክ ሞተር ግን ነዳጅና አየሩን የሚገፋለት ሌላ ሲሊንደር ይፈልግ ነበር። ዴይ ይህን ተጨማሪ ሲሊንደር አስቀረው። ከፒስተኑ ሥር ያለውን፣ ክራንክሻፍቱ የሚሽከረከርበትን ዝግ ክፍል ራሱን ፓምፕ አደረገው። ፒስተኑ ሲወጣ ከሥሩ አዲስ ቅልቅል ይስባል፤ ሲወርድ ያንን ቅልቅል በጎን ቀዳዳ ወደ ላይ ይገፋል። ብዙም ሳይቆይ አብሮት ይሠራ የነበረው ፍሬድሪክ ኮክ፣ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ፒስተኑ ራሱ እንዲከፍትና እንዲዘጋ በማድረግ ነገሩን ይበልጥ አቀለለው።

ባለ አራት ምት ሞተር ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ያፈነዳል፣ ይተፋል፤ በአራት የፒስተን ጉዞ አንድ ጊዜ ጉልበት ይሰጣል። ባለ ሁለት ምቱ፣ መካኒኮች «ቱ ስትሮክ» የሚሉት፣ ይህን ሁሉ በአንድ መውጣትና በአንድ መውረድ ይጨርሰዋል። ባልቮላ የለው፣ ካምሻፍት የለው። የሚንቀሳቀሱት ዋና ዋና አካላቱ ፒስተኑ፣ ቢዬላውና ክራንክሻፍቱ ብቻ ናቸው። በወረቀት ላይ ሲሰላ ከአራት ምቱ እጥፍ ጉልበት ሊሰጥ ይገባው ነበር።

አልሰጠም። አዲሱ ቅልቅል በሚገባበት ቅጽበት የጭስ መውጫውም ክፍት ነው፤ ስለዚህ ያልተቃጠለ ቤንዚን ከጭሱ ጋር ተከትሎ ይወጣል። ዘይቱም ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ ስለሚቃጠል ሰማያዊ ጭስ ይተዋል። ቀጥሎ የሚመጣው የመቶ ዓመት ታሪክ በሙሉ ከዚህ ጉድለት ጋር የተደረገ ትግል ነው። ሞተሩን ያነገሡትም በኋላ ከመንገድ ያስወጡትም የትግሉ ውጤቶች ናቸው።

አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዋን መኪና በተቀበሉበት ዘመን ገደማ፣ በ1908፣ አልፍሬድ ስኮት የተባለ እንግሊዛዊ ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክሉን ለውድድር አቀረበ። በ1912 እና በ1913 የስኮት ሞተሮች በማን ደሴት በሚካሄደው ታላቁ የቲቲ ውድድር ከባዱን ምድብ በተከታታይ አሸነፉ። የሞተሩ ዋና መንደር ግን እንግሊዝ አልሆነም። በጀርመን የሳክሶኒ ግዛት፣ ዝሾፓው በምትባል ትንሽ የሸለቆ ከተማ፣ ዴንማርካዊው ዮርገን ራስሙሰን ያቋቋመው ዲኬቪ በ1920ዎቹ መጨረሻ ከዓለም አንደኛ የሞተር ሳይክል አምራች ሆነ። ሀብታም ያልሆነ ሠራተኛ ሊገዛው የሚችል፣ ቀላልና በቤት የሚጠገን ሞተር ነበር የሚሠራው። በ1930ዎቹ ዲኬቪ የአዶልፍ ሽኑርለን ፈጠራ ወሰደ፤ አዲሱ ቅልቅል ወደ ሲሊንደሩ ኋላ ተወርውሮ፣ ቴስታታውን ዞሮ እንዲመለስ የሚያደርግ የቀዳዳ አቀማመጥ ነው። የሚባክነው ቤንዚን ቀነሰ። በ1938 ኤዋልድ ክሉገ በዲኬቪ ሆኖ የማን ደሴትን የቀላል ሞተሮች ውድድር ሲያሸንፍ ጩኸቱ ለጆሮ የሚከብድ ነበር ይባላል።

የዚያ ዘመን ኢትዮጵያ በጣልያን ወረራ ሥር ነበረች። ወራሪው ሲወጣ አንዳንድ ጋራዦቹና መካኒኮቹ ቀሩ፤ ቶርኖው፣ ካንዴላው፣ ፍሪሲዮኑና ማርሚታው ከአዲስ አበባ ልጆች እጅ የገቡት በዚያ በኩል ነው። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ቬስፓ መጣች። በ1946 ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባለው የአውሮፕላን መሐንዲስ ለፒያጆ ፋብሪካ የነደፋት ቬስፓ ባለ 98 ሲሲ ሁለት ምት ሞተር ነበራት። ከእርሷ አካል ሁለት ዓመት ሳይቆይ ባለ ሦስት እግሯ አፔ ተወለደች። ባጃጅ የተባለው የህንድ ኩባንያ ወደ 1960 ግድም ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ እነዚህን ተሽከርካሪዎች በህንድ ማምረት ጀመረ። ዛሬ ኮዬ ፈጬ ላይ ከኮንዶሚኒየም ብሎክ ወደ ብሎክ የሚመላለሰው ባጃጅ የዘር ሐረጉ ከዚያ ይመዘዛል።

ዲኬቪም ከጦርነቱ ማግስት ተበተነ። ከጦርነቱ ዋዜማ የወጣችው አርቲ125 የተባለችው ቀላል ሞተሩ በአሸናፊዎቹ አገሮች ተቀዳች። እንግሊዞች ቢኤስኤ ባንታም ብለው ሠሯት፣ አሜሪካኖች በሃርሊ ዴቪድሰን ስም፣ ሶቪየቶችም በራሳቸው ስም። በ1955 ጃፓን ውስጥ ፒያኖና ኦርጋን በመሥራት የሚታወቀው ያማሃ የሞተር ሳይክል ኩባንያ አቋቁሞ የመጀመሪያ ምርቱን ዋይኤ1ን ሲያወጣ መነሻው ይህችው የዝሾፓው ሞተር ነበረች። ኩባንያው ሐምሌ 1 ቀን ተመሥርቶ በዚያው ወር የፉጂ ተራራን የሽቅብ ውድድር በራሱ ምድብ አሸነፈ።

ዝሾፓው ራሷ ግን በምሥራቅ ጀርመን ቀረች። ፋብሪካው በኋላ ኤምዜድ ተባለ። ገንዘብ የለም፣ ጥሩ ብረት የለም፣ ጥሩ ካንዴላ እንኳ እንደልብ አይገኝም። የሞተር ስፖርት ታሪክ ከዚህ ድህነት ውስጥ አንድ ሰው አወጣ።

ዋልተር ካደን በጦርነቱ ጊዜ በሚሳይል ሥራ ላይ የነበረ መሐንዲስ ነው። ሰላም ሲሆን ወደ አገሩ ተመልሶ በእንጨት ሥራ እየኖረ በትርፍ ጊዜው የአርቲ125 ሞተር እያሻሻለ ይወዳደር ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፋብሪካው የውድድር ክፍሉን እንዲመራ ጠራው። ከጦርነቱ በፊት ዲኬቪዎችን ያፈጠነው ቅልቅሉን በግፊት የሚያስገባው መሣሪያ ከ1946 ጀምሮ በውድድር ተከልክሏል። ካደን ሌላ ነገር መፈለግ ነበረበት፤ ያገኘውም በማርሚታው፣ በጭስ ማውጫ ቱቦው ውስጥ ነው።

የጭስ መውጫው ሲከፈት ግፊቱ በቱቦው ውስጥ በድምፅ ፍጥነት ይሮጣል። ቱቦው ቀስ በቀስ የሚሰፋ ከሆነ ወደ ኋላ የሚስብ ሞገድ ይመለሳል፤ ይህ ሞገድ የተቃጠለውን ጭስ ስቦ አውጥቶ አዲሱን ቅልቅል ይጎትታል። ቱቦው መልሶ ሲጠብ ደግሞ እንደ ገደል ማሚቶ የሚገፋ ሞገድ ይመለሳል፤ ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚን መውጫው ከመዘጋቱ በፊት ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ያስገባዋል። ጆሴፍ ዴይን ያሸነፈው ጉድለት፣ አንድም ተጨማሪ ተንቀሳቃሽ አካል ሳይኖር፣ በቆርቆሮ ቅርጽ ብቻ ተዘጋ። ሐሳቡን የጀመሩት ሌሎች ነበሩ፤ ካደን ግን ሞገዱን በኦሲሎስኮፕ እየተመለከተ፣ ቱቦውን እየቆረጠና እየበየደ ሳይንስ አደረገው። ዳንኤል ዚመርማን ከተባለ ሰው ደግሞ ቅልቅሉ የሚገባበትን ሰዓት የሚቆጣጠር ተሽከርካሪ ዲስክ ወሰደ። በ1961 የካደን ባለ 125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ደረሰ። ይህ ማለት በሊትር 200 ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለ ግፊት መሣሪያ በተፈጥሮ አየር ብቻ እዚያ የደረሰ ሞተር አልነበረም።

የቱቦው ርዝመት የሚስማማው ግን ለተወሰነ ዙር ብቻ ነው። ከዚያ በታች ሞተሩ ሰነፍ ነው፣ ይንፈቀፈቃል። ሞገዱ የሚገጥምበት ዙር ላይ ሲደርስ ድምፁ በአንድ ጊዜ ይለወጥና ሞተሩ ወደ ፊት ይወረወራል። የዛሬዎቹ የቱ ስትሮክ አፍቃሪዎች በሃምሳና በስልሳ ዓመታቸው ገንዘባቸውንና እንቅልፋቸውን የሚሰጡት ለዚያች ቅጽበት ነው፤ ባለ አራት ምት ሞተር የቱንም ያህል ቢፈጥን በዚህ መልክ አይፈጥንም።

አፍሪካ ውስጥ ያደገ አንድ ልጅም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ በቡላዋዮ ያደገው ጋሪ ሆኪንግ በ1959 ለኤምዜድ ተወዳድሮ በባለ 250 ሲሲ ምድብ የስዊድንንና የአልስተርን ውድድሮች አሸነፈ። የካደን ዋና ተወዳዳሪ ግን ኤርንስት ዴግነር ነበር፤ መካኒክነቱም ከነጂነቱ የማይተናነስ ሰው። በ1961 ዴግነር የ125 ሲሲ የዓለም ዋንጫ እጁ ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

በነሐሴ ወር የበርሊን ግንብ ቆመ። መስከረም 17 ቀን በስዊድኗ ክሪስቲያንስታድ በተደረገው ውድድር የዴግነር ሞተር ተበላሽቶ ቆመ። በዚያው ሰሞን ሚስቱና ልጆቹ በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተደብቀው ወደ ምዕራብ ጀርመን እየተሻገሩ ነበር። እሱም ወደ ምሥራቅ አልተመለሰም፤ በዴንማርክ በኩል ከቤተሰቡ ጋር ተገናኘ። ዋንጫው ለሆንዳው ቶም ፊሊስ ሄደ። ዴግነር ወደ ጃፓን፣ ወደ ሃማማትሱ ሄዶ ከሱዙኪ መሐንዲሶች ጋር ሥራ ጀመረ፤ የካደን የዓመታት እውቀትም በጭንቅላቱ ውስጥ አብሮት ተሻገረ። በማግሥቱ ዓመት በ1962 ሱዙኪና ዴግነር የባለ 50 ሲሲ የዓለም ዋንጫ ወሰዱ። ባለ ሁለት ምት ሞተር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን የመጀመሪያው ነበር።

ስለዚህ ድርጊት የሚጻፈው ብዙ ጊዜ እንደ ስለላ ታሪክ ነው። ክህደቱም ስደቱም እውነት ናቸው። ለካደን ግን ማዘን ተገቢ ነው፤ በእጁ ቆርቆሮ እየበየደ ያገኘውን ሌሎች በብዙ ገንዘብ አባዙት፣ እሱ ደግሞ እስከ መጨረሻው እዚያው ዝሾፓው ሠራ። በ1996 አረፈ። ዴግነር ከዚያ ቀደም ብሎ በ1983 ሞቷል። በጃፓኑ ሱዙካ ሜዳ ላይ የወደቀበት መታጠፊያ ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ ፎርሙላ ዋንን በቴሌቪዥን የሚከታተል ሁሉ ስሙን ሰምቶታል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ እንደ ጎርፍ ሄደ። በ1964 ፊል ሪድ በያማሃ የ250 ሲሲን ዋንጫ ወሰደ። በ1975 ጃኮሞ አጎስቲኒ ከባዱን ምድብ፣ 500 ሲሲን፣ በያማሃ ባለ ሁለት ምት አሸነፈ፤ ከዚያ እስከ 2001 ድረስ በዚያ ምድብ ሌላ ዓይነት ሞተር አልነገሠም። በ1978 እና በ1979 የሃራሬ ተወላጅ የሆነው ኮርክ ባሊንግተን በካዋሳኪ 250 እና 350 ሲሲን በሁለቱም ዓመት ጠቅልሎ ወሰደ። በ1980 ደቡብ አፍሪካዊው ጆን ኤኬሮልድ ያለ ፋብሪካ ድጋፍ፣ በግሉ፣ የ350 ሲሲ ሻምፒዮን ሆነ።

የውድድሩ እውቀት ወደ ጎዳና ወረደ። በ1969 ካዋሳኪ ሦስት ሲሊንደርና 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ኤች1ን አወጣ። በቀጥታ መንገድ የሚደርስበት አልነበረም፤ መታጠፊያ ላይ ግን አካሉ የሞተሩን ጉልበት አልችል ይል ነበር። በ1973 የመጣው ያማሃ አርዲ350 ልከኛ ነበር፦ 347 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ ስድስት ካምቢዮ። ቅልቅሉ በገባበት እንዳይመለስ የሚከለክሉ ስስ ምላስ መሰል መዝጊያዎች ስለነበሩት በዝቅተኛ ዙርም ታዛዥ ሆነ። በ1980 ተከታዩ አርዲ350ኤልሲ በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተርና 47 የፈረስ ጉልበት ይዞ መጣ። በማግሥቱ ዓመት በእንግሊዝ ፕሮአም የተባለ ውድድር ተጀመረ። ሁሉም ወጣት አንድ ዓይነት ኤልሲ ይነዳል፤ የትኛውን ሞተር እንደሚነዳ የሚወሰነው ከባርኔጣ ውስጥ ቁልፍ በማውጣት ነው። ገንዘብ አይበልጥም፣ መካኒክ አይበልጥም። ስኮትላንዳዊውን ኒያል ማኬንዚን የመሳሰሉ ነጂዎች ከዚያ ወጥተው ለዓለም ሻምፒዮና በቁ።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት ዳግም የማይመጡ ናቸው። ሱዙኪ አርጂ250 ጋማ በአልሙኒየም አካል በ1983፣ ያማሃ አርዲ500 በ1984፣ አራት ሲሊንደር በካሬ የተደረደረበትና 95 የፈረስ ጉልበት ያለው ሱዙኪ አርጂ500 በ1985፣ ከዚያም የሆንዳ ኤንኤስአር250። ሰው እሑድ በቴሌቪዥን ያየውን ሞተር ሰኞ ሱቅ ገብቶ ሊገዛ ይችል ነበር።

አየሩ ግን ሒሳቡን ጠየቀ። የካደን ቱቦ ብክነቱን የሚያድነው በአንድ ዙር ላይ ብቻ ነው፤ ከተማ ውስጥ በዝግታ ሲነዳ ያልተቃጠለው ቤንዚንና ዘይት እንደ ድሮው ወደ ሰው ሳንባ ይሄዳል። አሜሪካ በ1978 የሞተር ሳይክል ጭስን በሕግ መገደብ ጀመረች፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ አውሮፓ ተከተለች። የ500 ሲሲ የመጨረሻው ሻምፒዮን በ2001 ቫለንቲኖ ሮሲ ነበር። ባለ 250 ሲሲው ምድብ በ2009፣ 125ቱ በ2011 ተዘጉ። ሕጉ ትክክል ነበር፤ የዴልሂን ወይም የአዲስ አበባን የመንገድ ዳር አየር የተነፈሰ ሰው ይህን አይክድም። የተዘጋው ግን የፋብሪካው በር ነው እንጂ እውቀቱ አልነበረም።

ኢትዮጵያ የሩጫው ሞተሮች አልደረሷትም፤ የደረሷት የሥራ ወንድሞቻቸው ናቸው። በግብርና ጽሕፈት ቤቶች፣ በጤና ጣቢያዎችና በእርዳታ ድርጅቶች ግቢ ያማሃ ዲቲ125ና ኤጂ100 ለብዙ ዓመታት ታይተዋል። ኤጂ100 ለእርሻ ቦታ የታሰበ ነው፦ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ፣ ጭቃ እንዳይገባበት የተሸፈነ ሰንሰለት፣ 97 ሲሲ ሞተር። በክረምት መኪና በማይገባበት የመረሬ መሬት ላይ ክትባትና ምርጥ ዘር ያደረሰ ሞተር ነው። ውስጡ ቢከፈት ግን የአርዲ350 የቅርብ ዘመድ መሆኑ ይታያል። ያው ምላስ መሰል መዝጊያ፣ ያው ያማሃ በ1964 ያወጣው ዘይትን ለብቻው እየለካ የሚያስገባ ፓምፕ፣ ጠበብ ያለ ቢሆንም ያው የሚሰፋና የሚጠብ ማርሚታ። ዲቲን በገጠር መንገድ ዙሩን ከፍ አድርጎ የነዳ የልማት ሠራተኛ፣ ስሙን ሳያውቀው፣ የካደንን ሞገድ በወገቡ ያውቀዋል።

ሞተሮቹ ሲያረጁ መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ይሸጣቸዋል። ገዢው አንዳንድ ጊዜ ነጂ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በኪሎ የሚገዛ የብረት ነጋዴ።

በሌላው ዓለም በዚሁ ዘመን ተቃራኒው ሆነ። በ1980ዎቹ አርዲና ኤልሲ የነዱ ወጣቶች ዕድሜያቸው ሲገፋ በየጎተራው የዛገውን ፍለጋ ወጡ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የህንድ ምሳሌ ነው። ከ1983 ጀምሮ በፋሪዳባድ ከተማ በራጅዱት ስም የተመረተው አርዲ350 በጊዜው ገበያ አላገኘም፤ ቤንዚን ይፈጃል፣ ይወደዳል ተባለ፣ አሥር ዓመት ሳይሞላ ምርቱ ቆመ። ዛሬ ግን በህንድ እጅግ ከሚፈለጉት ሞተሮች አንዱ ነው። የክሪኬት ቡድኑ ካፒቴን የነበረው ማሄንድራ ሲንግ ዶኒ ከብዙ ሞተሮቹ መካከል ይህንኑ ያስቀምጣል። ሰው ሲፈልግ ገበያው ተከተለ፤ ፒስተኑን፣ ፋሻውንና ጓርኒሲዮኑን እንደገና የሚያመርቱ ትንንሽ ወርክሾፖች ተፈጠሩ። አዲስ አበባም የቮልስ አፍቃሪዎቿ በዚሁ መንገድ ሄደዋል፤ በንጉሡ ዘመን የገባችው ቮልስዋገን በሶማሌ ተራ መለዋወጫና በመካኒክ ብልሃት ዛሬም ቀለሟ አብርቶ ትታያለች። ለዲቲና ለኤጂ100 ይህ ክብር እስካሁን አልተሰጠም፤ ሊሰጣቸው ይገባል።

ኮዬ ፈጬ በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘግይታ ገባች። እርሻው በኮንዶሚኒየም ብሎኮች ተተካ፤ በጎረቤቷ ቂሊንጦ በ2003 ዓ.ም የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ማሠልጠን ጀመረ። በየካቲት 2011 ዓ.ም የከተማው አስተዳደር ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲያወጣ የኮዬ ፈጬ ስም በመላ አገሪቱ ተሰማ፤ የመሬቱ ጉዳይ ከአርሶ አደሮች መፈናቀል ጋር ተያይዞ በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ አስነሣ። ከዚያ ጥቂት ወራት በኋላ፣ ሐምሌ ሲገባ፣ በአዲስ አበባ ሞተር ሳይክል መንዳት ከወንጀል ጋር በተያያዘ ምክንያት ተከለከለ፤ ልዩ ፈቃድ ያላቸው ብቻ ቀሩ። አንድ ሰው ሞተር ለፍቅር ብሎ ብቻ በከተማዋ የሚያንቀሳቅስበት በር ጠበበ። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ፤ በጎዳናውም ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች መታየት ጀመሩ። ለኮዬ ፈጬ ልጆች ሳንባ ይህ መልካም ዜና ነው። ለአሮጌ ቱ ስትሮክ ደግሞ ዕጣው የተቆረጠበት ጊዜ ነው፦ ወይ አሁን ይድናል፣ ወይ ይቀልጣል።

ማዳኑ ከሚገመተው ይቀላል፤ ግን የራሱ ሥርዓት አለው። ሲሊንደሩ ከተፋቀ ቶርኖ ቤት ተወስዶ በትንሹ ይሰፋና አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ፒስተን ይገባለታል። ማርሚታው ውስጥ ለዓመታት የተጋገረው ጥላሸት ካልወጣ ሞገዱ አይመለስም፤ ሞተሩ በጤናው ሳለ የታመመ ይመስላል። ኩሽኔታዎቹ ከተንኳኩ ክራንክሻፍቱ ተከፍቶ እንደገና መገጠምና በልኩ መቃናት አለበት፤ ይህ እጅ የለመደ ሰው ይፈልጋል።

ከዚያ የከፍታው ጉዳይ ይመጣል። ኮዬ ፈጬ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለዮኮሃማ ወይም ለሙምባይ የተለካ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፦ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይንፈቀፈቃል፣ ከፍተኛው ዙር ላይ አይደርስም። መፍትሔው ዋናውን የቤንዚን ማስገቢያ ቀዳዳ በጥቂት ቁጥር ዝቅ ማድረግ ነው። ነገር ግን በዚያው ቀዳዳ አዳማን አልፎ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ ቆላ የሚወርድ ሰው አደጋ ውስጥ ይገባል። አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ፒስተኑም ግሎ ሊጣበቅ ወይም ሊበሳ ይችላል። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር በእጅ የተደባለቀ ከሆነ ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም አብሮ ያንሳል። ስለዚህ የሁለቱን ከፍታዎች ቀዳዳ በኪስ ይዞ መውረድ ግዴታ ነው።

ከጨረታ የወጣ ዲቲ ወይም ኤጂ100 ሲገዛ ግን ከሁሉ በፊት የሚፈተሸው የሥረኛው ክፍል ዝግነት ነው፤ ጆሴፍ ዴይ ፓምፕ ያደረገው ያ ክፍል አየር ካሾለከ ሌላው ሥራ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ፍተሻው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የካርቡሬተሩና የማርሚታው ቀዳዳዎች በጎማ ይታሸጋሉ፤ በአንዱ በኩል በብስክሌት መንፊያ ግማሽ ባር የማይሞላ አየር ይገባና የግፊት መለኪያው ለጥቂት ደቂቃዎች ይታያል። ከወረደ የሳሙና ውኃ በመጋጠሚያዎቹና በክራንክሻፍቱ ሁለት ጫፎች ላይ ይቀባል፤ አረፋ የሚነሣው የሚያፈስሰው ጋ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው የደረቀ ኦይልሲል ነው። እሱን ለማግኘት የሞተር ሳይክሉን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ በላዩ የታተሙት ሦስት ቁጥሮች የውስጥ ስፋቱን፣ የውጭ ስፋቱንና ውፍረቱን ይናገራሉ፤ በእነዚህ ቁጥሮች ከተጠየቀ ለመኪናና ለውኃ ፓምፕ ኦይልሲል የሚሸጥ የሶማሌ ተራ ሱቅ መደርደሪያውን ፈትሾ ሊያወጣው ይችላል።